በአፉ የታሰረው ሜዳ

ከሰቆጣ ወረድ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥር የተዘረጋ ሜዳ ነበረን። ነበረን ስል የማንም አልነበረም ማለቴ ነው፤ የሁሉም ነበር። በዋግ ደልዳላ መሬት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን እንዲሁ ሰምቶ ያልፈዋል። እኛ ዘንድ መሬት ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል ነው። ጋን እንኳ ከሥሩ ድንጋይ ካልተወተፈለት አይቆምም። ስለዚህ ያንን ሜዳ ያየ እንግዳ ሁሉ ቆም ብሎ «ይህን ደግሞ ማን ደለደለው?» ይል ነበር። እኛም ቀና እንላለን፣ እኛ የደለደልነው ይመስል።

ሜዳው የገና ነበር። በገና ሰሞን የላይ ቤትና የታች ቤት ወንዶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው፣ ከወይራ ሥር የተጠረበችውን ጥንግ እያሯሯጡ ይፈነካከቱበታል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል እንጂ ጌቶቹም ሲቆጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከገና በፊት ያለውን ግማሽ ዓመት ግን ሜዳው ዝግ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ይጠገናል፣ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፣ ቄስ ይገዝትበታል። ከዚያ ወዲያ ከብት ያስገባ፣ ማጭድ ያሳረፈ፣ ያለ ፈቃድ የረገጠው ሁሉ የተወገዘ ነው። ኅዳር ላይ ግዝቱ ሲፈታ ሣሩ ታጭዶ ለጣራ ክዳንና ለበሬ ድርቆሽ ይከፋፈላል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባና የቀረውን ይላጨዋል፤ ለገና ሜዳው ልሙጥ ብሎ ይደርሳል። ያን ቀን ባላገሩ ከብቱን ሲያስገባ የሚጣራበት የኽምጣኛ፣ የዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ቃል አለ። «ግቡ» እንደማለት ነው፤ ግን ውስጡ «ጥገቡ»ም አለበት። በፊደል ላስቀምጠው ሞክሬ ነበር፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር ድምፅ ስላለው እምቢ አለኝ።

የሚገዝተው አባቴ ነበር። ቄስ ነው፤ ሰው ሁሉ መምሬ ይለዋል። ዳዊቱን መጽሐፍ ሳይገልጥ የሚወርድ፣ በግዕዝ ተጨቃጭቆ የማይረታ ሰው ነበር። እናቱ ግን ከኽምጣኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አልነበራትም። «አማርኛው ለሰው ነው፣ ግዕዙ ለእግዜር ነው፣ ኽምጣኛው ለእናቴና ለላሞች ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። እናቱ ከሞተች በኋላ እኛ ቤት ኽምጣኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በወጣትነቱ የገና ተጫዋች ነበር አሉ፣ ያውም ኃይለኛ። የቀኝ ቅልጥሙ እዚያው ሜዳ ላይ ተሰብሮ ጠምሞ ስለ ገጠመ እስከ መጨረሻው ያነክስ ነበር። የሰበረው የሰው ዱላ አይደለም። የሜዳው የታችኛው ጫፍ ረግረግ ነበር፤ ላዩ ሣር፣ ውስጡ ጭቃ። ጥንጓ እዚያ ስትደርስ ትሰምጣለች፣ ተከትሏት የሮጠውም እግሩ ይዋጣል። በየዓመቱ አንድ ሰው እዚያ ይሰበራል። ሰው ለምዶት ነበር፤ «ሜዳው ግብሩን ይበላል» ይሉ ነበር። አባቴ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ ይቀላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ሳይሞት ያንን ጫፍ እንደሚያደርቀው ምሎ ነበር።

ያደረቀው ባሌን ትቼ ወደ ቤቱ በተመለስሁበት ዓመት ነው። ለምን እንደተውሁት አይጠየቅም፤ አባቴም አልጠየቀኝም። «ደህና መጣሽ፣ ትከሻሽ ጠንካራ ነው፣ ጭቃ ትሸከሚያለሽ» አለኝ። የተቀበለኝ በዚህ ነው።

ግንቦት ላይ ደቦ ጠራ። የላይ ቤትና የታች ቤት ሁለቱም መጡ፤ ካልመጡ አንዱ ሌላውን ይሰድበዋላ። ጥቁሩን ጭቃ እስከ ወገባቸው ገብተው ዛቁት። ከሥሩ ውሃ ነበር፤ ከኮረብታው ወርዶ መውጫ ያጣ ውሃ። አባቴ በምርኩዙ መሬት ላይ እያሰመረ ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ፣ ውሃው ወደ ወንዙ ወረደ። ጉድጓዱን መጀመሪያ በትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ በጠጠር፣ ከዚያ በቀይ አፈር ሞሉት። ሲሠሩ ይሰዳደባሉ፣ ሲሰዳደቡ ይዘፍናሉ፤ አንዱ ወገን አንድ ቁልል ድንጋይ ካመጣ ሌላው ሁለት ያመጣል። በሰኔ መጀመሪያ ጉድጓዱ ከሜዳው እኩል ሆነ፤ ግን ራቁቱን ነበር፣ ቀይ ቁስል መስሎ።

ሣሩን ያለበስነው ሴቶቹ ነን። ወንዶቹ ከወንዝ ዳር ጨፌውን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ የዳቦ ቁራሽ አስመስለው በአካፋ ይቆርጣሉ፤ እኛ ውሃው በጀርባችን እየወረደ በራሳችን ተሸክመን አቀበቱን እንወጣለን። አባቴ ተንበርክኮ ቁራሹን ከቁራሽ ያጋጥማል። ክፍተት ካየ ያስነሳል፣ እንደገና ያስተኛል። አንዷ ጎረቤታችን «መምሬ፣ ሕፃን ነው እንዴ የሚያስተኙት?» አለችው። «ሕፃንማ ቢሆን ሲከፋው ያለቅስልኛል፤ ይህ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው» አላት። ከዚያ ለሁላችንም አሳየን። ሥር የያዘ ሣር ሲስቡት መሬቱን ይዞ ይቀራል፤ ያልያዘ እንደ ቆብ ይወልቃል። ሳብ አደረገው፣ ወለቀ፤ ሳቅንበት፣ መልሶ አስተኛው።

ነገሩ የተበላሸው በግዝቱ ነው። ሌላ ጊዜ የሚገዝተው «እስከ ኅዳር ሚካኤል» ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ዝናቡ ዘግይቶ፣ መሬቱ ገና ሳይጠና፣ ሰው ቀኑን ብቻ ቆጥሮ ከብቱን ነዳ፤ ሜዳው በሰኮና ተቦዳደሰ። አባቴ ይህን አልረሳም። መስቀሉን ይዞ እሾሁ በር ላይ ቆመና ቃሉን ለወጠው። «እኔ በአፌ እስክፈታው ድረስ የታሰረ ይሁን» አለ። የደብራችን መሪጌታ ጠጋ ብለው «መምሬ፣ ቀን ቢያስገቡበት አይሻልም?» አሉት። «ሥር ቀን ያውቃል? ሲይዝ አየዋለሁ፣ ያን ጊዜ እፈታዋለሁ» አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን ብያለሁ።

የዚያ ዓመት ክረምት ካየኋቸው ሁሉ የተለየ ነው። ቤታችን ከሜዳው በላይ ስለሆነ በሩን ስከፍት የማየው እሱን ነው። አባቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እየገባ ይጠብቀዋል፤ ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል። በረዶ በጣለ ማግስት ቦዩን ይጠርጋሉ፣ ፍልፈል የቆለለውን አፈር ይበትናሉ፣ አሜኬላውን ከሥሩ ይነቅላሉ። ከእነሱ በቀር ማንም አይረግጠውም። ሰው ያልረገጠው መሬት እንዴት እንደሚሆን እስከዚያ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ሣሩ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት ደረሰ፤ ነፋስ ሲነካው ከላይ እስከ ታች ይተኛና ይነሳል። አደይ አበባ ማንም ሳይዘራው በዳር በዳር ፈካ። ያን ያህል ከብት የራበው፣ ያን ያህል ጣራ የሚያፈስ ሰው በዙሪያው ይኖራል፤ የሚያስቆመው አንዲት ረድፍ እሾህና የአንድ አንካሳ ሽማግሌ ቃል ነው። ላም እንኳ እሾሁ ጋ ደርሳ አሽትታ ስትመለስ አይቻለሁ። ገረመኝ፣ አሁንም ይገርመኛል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገር ነበር፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ጉድ ግን የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ሳምንት፣ አባቴ ጠዋት ጥምጥሙን ሲጠመጥም ቀኝ እጁ ወደቀች። «ጥምጥሙን ያዥልኝ» ሊለኝ ፈልጎ ይመስለኛል፤ የወጣው ቃል አልነበረም። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ሰውነቱ ከፊሉ ተኛ፣ ምላሱም አብሮ ተኛ። አማርኛው ሄደ፣ ግዕዙ ሄደ። ያ ሁሉ ዳዊት ወዴት እንደሄደ እንጃ። ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ነበር፤ ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል።

ነፍሱ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ግራ እጁን አንስቶ በበሩ በኩል ወደ ሜዳው አመለከተ፤ ከዚያ ወደ አፉ። ውሃ ሰጠሁት፣ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ሜዳውን፣ እንደገና አፉን አሳየኝ፣ እንባውም ወረደ። ያን ጊዜ ገባኝ። በአፌ እስክፈታው ብሎ አስሮታል፤ አፍ ደግሞ የለውም።

ይህ ለእኛ የሣር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሕዝብ አስሮ ሳይፈታ የሚሞት ቄስ በወዲያኛው ዓለም ራሱ ታስሮ ይቆያል ብለን እናምናለን። አባቴ ሌላውን ሲናዝዝ የኖረ ሰው ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ሞትን አልፈራም። የፈራው ያንን ነው። በየጠዋቱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲታገል አየዋለሁ፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ «አባ፣ ይፍታ ይበሉ። ይ... ፍ... ታ» እለዋለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው መልሼ ፊደል አስቆጥረዋለሁ። ጸበል አጠጣሁት፣ ምላሱን ማር ቀባሁት። ከንቱ ድካም ነበር።

እኔም የራሴን ምኞት ነበረኝ፤ ልደብቀው አልፈልግም። አፉ ከተፈታ መጀመሪያ «ልጄ» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ቀን ከሌት የማነሳውና የምጥለው እኔ ነኛ።

ኅዳር ገባ። ሣሩ ወርቅ መሰለ፣ ፍሬውም መርገፍ ጀመረ። ኅዳር ሚካኤል መጣ፣ ሄደ። ሰው ከእሾሁ ውጭ ይቆምና ያያል፤ ማጭዱን ስሎ ይመጣል፣ ይዞ ይመለሳል። አንድ ሰው ደጃፋችን ላይ ቆሞ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲል ሰማሁት። ዘነዘናዬን ይዤ ወጣሁ። «ቅቤ ይዘህ መጥተህ ነው ወይስ ባዶ እጅህን?» አልሁት። እግሬ አውጪኝ አለ።

የደብሩ አለቃ መጡ፤ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መሪጌታውም አብረዋቸው ነበሩ። አለቃ ከአባቴ ራስጌ ተቀመጡና «ሌላ ግዝት ቢሆን እኔ እፈታው ነበር፤ ይህ ግን በአፌ ተብሎ የታሰረ ነው። ደሴ ወደ ጳጳሱ እንላክ» አሉ። የደሴ መልስ እስኪመጣ ሣሩ በነፋስ ተሰባብሮ ያልቃል፤ ገናም ያልፋል። የእኔ ጭንቀት ግን ያ አልነበረም። አባቴን አየሁት፤ ያን ያህል ቀን የሚቆይ አይመስልም ነበር። እሱም ነገሩ ገብቶት ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ግራ እጁን አነሳ። ወደ ሜዳው አመለከተ፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ደረት። አፉን አልነካም። «ውሰዱኝ ነው የሚለው» አልሁ። መሪጌታው «ይህ ሁሉ ብርድ እያለ?» አሉ። «ብርዱን ለእኔ ተዉት» አልሁና ነጠላዬን አጥብቄ ታጠቅሁ።

ቃሬዛው ወዲያው ተሠራ። ማን ይሸከመው በሚለው የላይ ቤትና የታች ቤት ወጣቶች ሊጣሉ ደረሱ። በመጨረሻ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ተባለና ተሸክመውት ወረዱ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ተከተለን። ወደ በሩ አልወሰድነውም፤ በእጁ እየመራ ወደ ታች፣ ወደ ጠገነው ጫፍ አስኬደን። ተሸካሚዎቹ ከእሾሁ ጋ ቆሙ፤ ግዝቱን ማለፍ አይችሉም። እዚያው መሬት ላይ አሳረፉት። አንዱ እሾሁን በዱላው ገለጥ አደረገለት።

አባቴ በግራ ክንዱ ተመርኩዞ ብዙ ጊዜ አየ። እኔም አብሬው አየሁ። ቀይ ቁስል የነበረው ቦታ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። በራሴ የተሸከምሁት፣ ውሃው በጀርባዬ የወረደው ጨፌ ከጥንቱ ሣር ጋር አንድ ሆኖ፣ ፍሬ ይዞ ቆሟል። ከዚያ አባቴ በተገለጠው እሾህ መካከል እጁን አስገባ፣ አንድ እፍኝ ሣር ጨበጠ፣ ሳበ። አልተነቀለም። ባለው ጉልበት ሁሉ እንደገና ሳበ። መሬቱ አለቀቀውም።

ያን ጊዜ ድምፁ ወጣ። ወፍራምና ሰባራ ነበር፣ ግን ቃል ነበር። ግዕዝ አልነበረም፤ አማርኛም አልነበረም። ከብት ሲገባ የሚባለው ያ የኽምጣኛ ቃል ነበር፤ ከእናቱ የሰማው፣ ለላሞች የተወው ቃል።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ግዝት እንዲህ ተፈትቶ ያውቃል? በመስቀል የታሰረ ነገር በላም ቋንቋ...» ብለው ጀመሩ። ክፋት የላቸውም፤ ሥርዓት ወዳድ ናቸው። አለቃ እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው። «በአፌ አለ፣ በአፉ ፈታው» አሉ። «እግዚአብሔር አስተርጓሚ የሚፈልግ ይመስልዎታል?» ጫማቸውን አወለቁ፣ እሾሁን ተሻገሩ፣ በሣሩ ውስጥ ሄዱ። አጠገባችን የነበሩት ኽምጣኛ ተናጋሪ ባላገሮች ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ጫማ ያለው እያወለቀ ገባ፤ የማጭድ ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

እኔ አባቴ አጠገብ ቀረሁ። ግራ እጁን ወገቤ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ገፋኝ። «እርስዎን ትቼ?» አልሁት። ደግሞ ገፋኝ። ገባሁ፤ ማጭድ ተቀብዬ ከዚያው ከተከልነው ላይ አንድ እፍኝ አጨድሁና አምጥቼ ደረቱ ላይ አኖርሁለት። አሸተተው፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ያ የከረመበት ፍርሃት ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር።

የዚያ ዓመት ገና ጥንጓ እስከ ታችኛው ጫፍ እየዘለለች ሄደች፤ ማንም አልሰመጠም፣ ማንም አልተሰበረም። የላይ ቤት አሸነፈ፤ የታች ቤት ዛሬም አያምንም። አባቴን ደገፍ አድርጌው ከቤታችን ደጃፍ ያይ ነበር። ሌላ ቃል ግን አልወጣውም። ማታ ማታ ከአጠገቡ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ አንዲት «ልጄ» ብቻ። አልመጣችም። አንድ ቃል ብቻ ቀርታው ኖሮ እሷን ለሜዳው ሰጣት። አልዋሽም፣ ተቀይሜው ነበር። ሣርን ቀናሁበት ብል ማን ያምነኛል?

ሁዳዴው ሳይፈታ ዐረፈ። ቀብረነው ስንመለስ መንገዱ በሜዳው ታችኛው ጫፍ በኩል ነው። ከፊቴ የሚሄዱት የላይ ቤት ሽማግሌ ከመንገድ ወጡ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ሣር ያዙ፣ ሳብ አድርገው ተዉትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። የሚቀጥለውም ሰው እንዲሁ አደረገ። ቀባሪው ሁሉ በተራ እየወጣ ጎንበስ አለ፣ መሪጌታውም ሳይቀሩ። የእኔ ተራ ሲደርስ ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ወጣሁ፣ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ከነቅያሜዬ ሳብሁት። አልተነቀለም።